«እርስዎስ የሚጠይቁን አለ?» ሲባል፦ በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ጥያቄ የማቅረብ ዝርዝር መመሪያ

ቃለ መጠይቁ ሊያልቅ ነው። ጠያቂው ወረቀቱን ሰብስቦ «እርስዎስ የሚጠይቁን አለ?» ይላል። ብዙዎቻችን የምንመልሰው «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» ብለን ነው። ጭንቀቱ አልፎ እፎይ ብለን ለመውጣት ቸኩለናል። ብንጠይቅ ደግሞ ደፋር ወይም አስቸጋሪ የምንመስል ይመስለናል።

እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ ብዬ ወጥቻለሁ። ሥራውን አገኘሁት። በሁለተኛው ሳምንት አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ በዚያ ወንበር ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛው ሰው መሆኔን ነገረችኝ። ሁለቱም የለቀቁበት ምክንያት አንድ ነበር። መደቡ ሁለት አለቆች አሉት፤ ሁለቱ ደግሞ አይስማሙም። አንዱ ያዘዘውን ሌላው ያፈርሰዋል። ስድስት ወር ታግዬ እኔም ለቀቅኩ። «ይህ መደብ ለምን ክፍት ሆነ?» ብሎ ለመጠየቅ አሥር ሰከንድ ይበቃኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በጠረጴዛው በወዲያኛው በኩልም ተቀምጬ ሰው ቀጥሬያለሁ። ጥሩ ጥያቄ የጠየቀ አመልካች አስቀይሞኝ አያውቅም። እንዲያውም ሥራውን ገና ከአሁኑ በሐሳቡ መሥራት የጀመረ ሰው መሆኑ ይታየኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ሁለቱንም ወንበር ካየ ሰው ዓይን ነው።

1. መጀመሪያ ለራሳችሁ መልሱ

ጥያቄ ለመጻፍ አትቸኩሉ። ወረቀት አውጡና በአንድ በኩል «በሦስት ወር ውስጥ ከዚህ ሥራ ሊያስለቅቀኝ የሚችለው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጻፉ። በሌላው በኩል «ሥራውን በደንብ ለመሥራት ምን ያስፈልገኛል?» በሉ።

መልሱ እንደየሰው ይለያያል። ትንሽ ልጅ ያላት እናት ድንገት የሚጠራ የማታ ስብሰባ ሊያስለቅቃት ይችላል። ገና የተመረቀ ልጅ የሚያስተምረው ሰው ካጣ ይጠፋል። ልምድ ያላት ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ሰነዱ የተዝረከረከ ቢሮ ገብታ የማታውቀውን ሒሳብ ፈርሚ መባልን ትፈራለች። የእናንተን ስጋት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከሰው የተቀዳ የጥያቄ ዝርዝር ብዙ የማይረዳውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ወረቀት ስምንት ወይም አሥር ጥያቄ ይወጣችኋል። ቃለ መጠይቁ ላይ የምታነሱት ግን ሦስት ወይም አራቱን ብቻ ነው። ትርፉን የምትይዙት ግማሹ በንግግሩ መሐል ስለሚመለስ ነው። ሁለት ጥያቄ ብቻ ይዞ የገባ ሰው ሁለቱም ቀድመው ሲመለሱበት ባዶ እጁን ይቀራል።

2. ማስታወቂያውን ቃል በቃል አንብቡ

ድረ ገጻቸው ላይ የተጻፈን ነገር መጠየቅ ሳያነቡ መምጣትን ያሳብቃል። «ድርጅታችሁ ምን ይሠራል?» ከተባለ በኋላ ንግግሩን መልሶ ማቃናት ከባድ ነው። ስለዚህ ድረ ገጹን፣ ማኅበራዊ ገጾቻቸውንና በቅርቡ የወጣ ዜና ካለ እሱን እዩ።

ከሁሉም በላይ ግን የሥራ ማስታወቂያውን እንደ ውል አንብቡት። ጥሩ ጥያቄ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ግልጽ ባልሆኑት ቃላት ሥር ነው። «የሥራ ጫናን ተቋቁሞ መሥራት የሚችል» ይላል። ምን ዓይነት ጫና? በየስንት ጊዜው? «ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ያከናውናል» ይላል። እነዚያ ሌሎች ሥራዎች የቀኑን ሩብ የሚወስዱ ናቸው ወይስ ግማሹን? ማስታወቂያው «ቡድን ይመራል» እያለ ደመወዙ የጀማሪ ከሆነ፣ ምን ያህል ሰው እንደምትመሩ መጠየቅ አለባችሁ።

አጠያየቁ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ማስታወቂያው ላይ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች የሚል አንብቤያለሁ። ባለፈው ወር ይህን መደብ የያዘው ሰው ከዋናው ሥራው ውጪ ምን ምን ሠራ?» ማስታወቂያውን በጥንቃቄ ማንበባችሁም አብሮ ይታያል።

3. ስለ ጠባይ ሳይሆን ስለሆነ ነገር ጠይቁ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ይህን ያዙ።

«የሥራ ባህላችሁ እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «እንደ ቤተሰብ ነን።» «አለቃው ሠራተኛ ይሰማል?» ብትሉ «በጣም!» ትባላላችሁ። ጠያቂው እየዋሸ ላይሆን ይችላል። ጥያቄው ራሱ ነው ከዚህ ሌላ መልስ የማይጋብዘው። ማንም ሰው ስለ ቤቱ በጥቅሉ ሲጠየቅ መልካሙን ይናገራል።

የሆነ ነገር ስትጠይቁ ግን ሰውየው ማስታወስ አለበት። «ነገር በምሳሌ» እንዲሉ፣ ምሳሌውን ጠይቁት።

«አለቃው ሠራተኛ ይሰማል?» የሚለውን ትታችሁ «በቅርቡ አንድ ሠራተኛ ባቀረበው ሐሳብ የተቀየረ አሠራር አለ? እንዴት ነበር የተቀየረው?» በሉ።

«የእድገት ዕድል አለ?» ከማለት «ባለፉት ሁለት ዓመታት ከዚህ ክፍል ያደገ ሰው ማን ነው? ከምን ወደ ምን አደገ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ስም ሲጠራ ትሰማላችሁ፤ ወይም ዝምታ ትሰማላችሁ።

«ሥራ ይበዛል?» ካላችሁ «እንደማንኛውም ቦታ» ይሏችኋል። «ባለፈው ወር ቡድኑ ከሥራ ሰዓት ውጪ የቆየው ስንት ቀን ነው? ምክንያቱስ ምን ነበር?» ስትሉ ቁጥር ይመጣል።

«ስህተት ሲፈጠር ምን ታደርጋላችሁ?» የሚለውም እንዲሁ ነው። «በቅርቡ የተበላሸ ሥራ ካለ፣ ከተበላሸ በኋላ በነበረው ስብሰባ ላይ ምን ተባለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ቤት ውስጥ አሠራሩ ምን ላይ እንደተሳተ ይነግሯችኋል። ሌላው ቤት ውስጥ ማን እንዳጠፋ ይነግሯችኋል። ልዩነቱ ለእናንተ ትልቅ ነው፤ ነገ የምትሳሳቱት እናንተ ናችሁና።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። ቀጣሪዎች ራሳቸው በእኛ ላይ የሚጠቀሙበት ነው። ቶም ጃንዝ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጥናት፣ አመልካቹ ከዚህ በፊት በእርግጥ ስላደረገው ነገር የሚጠይቅ ቃለ መጠይቅ ከዘፈቀደው አጠያየቅ የተሻለ የወደፊት ሥራውን እንደሚያመለክት አሳይቷል። «ከባልደረባዎ ጋር ያልተስማሙበትን አንድ አጋጣሚ ይንገሩን» የሚሉን ለዚህ ነው። ያለፈው ድርጊታችን ስለ እኛ ከተናገረ፣ ያለፈው ድርጊታቸውም ስለ እነሱ ይናገራል።

4. ማን ፊት እንደተቀመጣችሁ እወቁ

አንድን ጥያቄ የማይመለከተውን ሰው ብትጠይቁ ጊዜያችሁን ታባክናላችሁ።

የሰው ሀብት ባለሙያዋ የምታውቀው የቅጥሩን ሂደት፣ የሙከራ ጊዜውን፣ ጥቅማ ጥቅሙን፣ የሥራ ሰዓቱንና የእረፍት ፈቃዱን ነው። ስለ ዕለት ተዕለት ሥራው ጥልቅ ነገር ብትጠይቋት ማስታወቂያው ላይ ያለውን ትደግምላችኋለች።

የቅርብ አለቃችሁ የሚሆነው ሰው ዋናው ነው። ደስታችሁም ምሬታችሁም አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ የሚመጣ ነው። «ሠራተኛዎ ጥሩ ሠርቷል የሚሉት ምን ሲያዩ ነው?» በሉት። «አስተያየት የሚሰጡት እንዴት ነው? ወዲያው ነው ወይስ በግምገማ ሰዓት?» ብላችሁም ጨምሩ። እንዲህ ተጠይቆ የሚያውቅ አለቃ ጥቂት ነው። መልሱን ከማሰቡ ብቻ ብዙ ትረዳላችሁ።

የወደፊት ባልደረባ ከተገኘ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። «ትናንት ቀንዎን እንዴት አሳለፉ?» ብላችሁ ጠይቁ። «የተለመደ ቀን እንዴት ነው?» ከሚለው የተሻለ ነው፤ የተለመደ ቀን የሚባል ነገር የለምና። «እዚህ ከመግባትዎ በፊት ማወቅ ነበረብኝ የሚሉት ነገር አለ?» የሚለውም ብዙ ልብ ይከፍታል።

ከፍተኛ ኃላፊ ሲመጣ ስለ ወንበርና ስለ ፈቃድ አታንሱ። ድርጅቱ በሚቀጥለው ዓመት ምን ማሳካት እንደሚፈልግና ይህ መደብ በዚያ ውስጥ ያለውን ድርሻ ጠይቁ።

ሦስት ወይም አራት ሰው በአንድ ላይ ከጠየቋችሁ ጥያቄውን ለሚመለከተው በስም ወይም በሥራ ድርሻው አቅርቡ። ስማቸውን መጀመሪያ ሲነግሯችሁ ጻፉት። የሌሎቹን ፊትም እዩ። አንዱ ሲመልስ ሌላው ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ቢሰድ፣ ያ ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

5. ሳትጠይቁ እንዳትወጡ የምላቸው ሦስት ጥያቄዎች

*«ይህ መደብ ክፍት የሆነው ለምንድን ነው?»* አዲስ የተፈጠረ ከሆነ ማን ጠየቀው? ምን ችግር ለመፍታት? ሰው ለቆ ከሆነ ምን ያህል ጊዜ ሠርቶ ነው የለቀቀው? አድጎ ከሆነ መልካም ዜና ነው። ለመጠየቅ ከከበዳችሁ «ካላስቸገርኩ፣ ከዚህ በፊት መደቡን የያዘው ሰው አሁን የት ነው ያለው?» በሉ። ከዚህ የበለጠ ጨዋ አጠያየቅ አላውቅም።

*«በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምን ሠርቼ ብታዩ ጥሩ ሰው ቀጠርን ትላላችሁ?»* ብዙ ቦታ የሙከራ ጊዜ የሚባለው ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ግልጽ መልስ ካገኛችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አቅጣጫችሁን ታውቃላችሁ። «እስቲ ገብተው እናያለን» ካሏችሁ ግን ምን እንደሚፈልጉ ገና አልወሰኑም። በኋላ በምን እንደሚመዝኗችሁም አታውቁም።

*«በዕለት ሥራዬ ትእዛዝ የምቀበለው ከማን ነው? ሁለት ሥራ ሲጋጭብኝ የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነውስ?»* ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ ያ የስድስት ወር ሥራዬ ነው። መልሱ አንድ ሰው መሆን አለበት። ሁለት ጠያቂዎች ተያይተው ዝም ካሉ፣ ችግሩን ገና በሩ ላይ አገኛችሁት ማለት ነው።

6. መቼና እንዴት ትጠይቃላችሁ?

እስከ መጨረሻው መጠበቅ ግዴታ አይደለም። በመጨረሻ የሚተዉላችሁ ጊዜ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ጠያቂው «የደንበኞች ቅሬታ ይበዛብናል» ካለ እዚያው «ብዙውን ጊዜ ቅሬታው በምን ላይ ነው?» በሉ። ንግግሩ ከምርመራ ወደ ጨዋታ ይለወጣል። በቀጥታ ከእናንተ ልምድ ጋር የሚገናኝ ነገርም ያመጣላችኋል።

ጥያቄዎቻችሁን በደብተር ጽፋችሁ መያዝ ምንም አያሳፍርም። «ጥቂት ነጥብ ጽፌ ነበር፣ ልመልከት?» ማለት የተዘጋጀ ሰው ምልክት ነው። ስልክ ላይ ግን አትጻፉ። ስልክ ስታወጡ መልእክት የምታዩ ትመስላላችሁ። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ከሆነ ወረቀቱን ከካሜራው አጠገብ ለጥፉት፤ ዓይናችሁ አይባዝንም።

አንድ በአንድ ጠይቁ። ሦስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ከጠየቃችሁ ሰውየው የሚመልሰው የቀለለውን ነው። ጠይቃችሁ ደግሞ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ብዙዎቻችን ጥያቄውን ጠይቀን እኛው «ማለቴ፣ ጥሩ እንደሆነ ሰምቻለሁ…» ብለን መልሱን እናቀብላለን። አታቀብሉ።

መልሱ ግልጽ ካልሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ተከታይ ጥያቄ ጠይቁ። ለምሳሌ «አንድ ምሳሌ ቢነግሩኝ?» በሉ። ሁለተኛ ጊዜም ከሸሸ ተዉት። መልሳችሁን አግኝታችኋል።

7. ደመወዝና የሥራ ሰዓት

ስለ ገንዘብ መጠየቅ ነውር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሥራ የምንሠራው ለመኖር ነው፤ ቀጣሪውም ይህን ያውቃል። ጥያቄው ጊዜውን ይፈልጋል እንጂ ነውርነት የለውም። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ የመጀመሪያ ጥያቄ አታድርጉት። ግን ሁለተኛ ዙር ከመምጣታችሁ በፊት ቢያንስ ለመደቡ የተያዘውን መነሻና ጣሪያ እወቁ። «ለሁለታችንም ጊዜ እንዲቆጥብ፣ ለመደቡ የታሰበው የደመወዝ እርከን ምን ያህል እንደሆነ ሊነግሩኝ ይችላሉ?» ብትሉ የሚቀየም የለም።

ቁጥሩ ሲነገራችሁ ያልተጣራ ነው ወይስ እጅ የሚገባ ብላችሁ አረጋግጡ። ከዋናው ደመወዝ ውጪ ያለውን አበል፣ ጭማሪ በስንት ጊዜ እንደሚታይና በሙከራ ጊዜ የሚከፈለው ያው መሆኑንም ጠይቁ። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ቁጥር ሰምቶ የተለያየ ገንዘብ ይዞ ቤቱ ሊገባ ይችላል።

የሥራ ሰዓትም እንዲሁ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 ሲቋቋም ያጸደቀው የመጀመሪያው ስምምነት የሥራ ሰዓትን የሚመለከት ነበር። ለኢንዱስትሪ ሠራተኞች በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ወሰነ። ከመቶ ዓመት በፊት አገሮች ተሰብስበው በቅድሚያ የተነጋገሩበትን ነገር እናንተ በትህትና ብትጠይቁ ስንፍና አይሆንም። «የትርፍ ሰዓት ሥራ ሲኖር ይከፈላል ወይስ በእረፍት ይካካሳል?» በሉ። ከቤት የሚሠራ ሥራ ከሆነ ደግሞ ስልክ የሚደወልበት ሰዓት ገደብ እንዳለው፣ ለኮምፒውተርና ለኢንተርኔት የሚከፍለውም ማን እንደሆነ ጠይቁ።

8. ሥራው የተለየ ሲሆን

አዲስ በተቋቋመ ድርጅት ስትወዳደሩ ስለ ገንዘብ በግልጽ ጠይቁ። «አሁን በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ስንት ወር ያስኬዳል?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ቤት ተገቢ ነው። ደመወዛችሁ የሚወጣው ከዚያው ነውና። በጊዜ በተገደበ ፕሮጀክት ላይ ከሆነ ውሉ የሚያልቅበትን ቀን፣ ከዚህ በፊት የነበሩ ሠራተኞች ፕሮጀክታቸው ሲያልቅ የት እንደሄዱም ጠይቁ።

የመጀመሪያ ሥራችሁ ከሆነ አንድ ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል፦ «ሥራውን የሚያሳየኝ ማን ነው? ከሥራ ሰዓቱስ ምን ያህሉን ለእኔ ሊሰጠኝ ይችላል?» «እኛ እዚህ ሁላችንም እንተጋገዛለን» ደስ የሚል መልስ ነው። ግን ስም የለውም። ስም ጠይቁ።

የስልክ ማጣሪያ ከሆነ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው ያላችሁ። ስለ ደመወዝ እርከኑና ስለ ቀጣዩ ዙር ጠይቃችሁ ሌላውን ለኋላ አቆዩት።

9. የማይጠየቁ

አጭር ነው። የጠያቂውን የግል ሕይወት አትጠይቁ። ሰው ስለ ቀድሞ ሠራተኛ እንዲያማ አትጋብዙ። ያለ ምንም መግቢያ «ፈቃድ ስንት ቀን ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። እውቀታችሁን ለማሳየት ብቻ የተጠነሰሰ ረጅም ጥያቄም ይቅር፤ ጠያቂው ወዲያው ያውቀዋል።

10. ከመነሳታችሁ በፊት

ሁለት ጥያቄ ለመጨረሻ አስቀሩ። የመጀመሪያው ድፍረት ይጠይቃል፦ «እስካሁን ከተነጋገርነው ለዚህ ሥራ ስለ መብቃቴ ጥርጣሬ የፈጠረብዎት ነገር ካለ፣ ባብራራ ደስ ይለኛል።» አንድ አመልካች እንዲህ ብሎኝ ያውቃል። እውነትም የጠረጠርኩት ነገር ነበር፤ በሲቪው ላይ የስምንት ወር ክፍተት አይቻለሁ። እናቱን ሲያስታምም እንደነበር ነገረኝ። ባይጠይቀኝ ኖሮ ሳልጠይቀው በልቤ ይዤው እቀር ነበር። ያንን ልጅ ቀጠርኩት።

ሁለተኛው ቀላል ነው። «ቀጣዩ ሂደት ምንድን ነው? መልሱን መቼ ልጠብቅ?» ቀኑን ካወቃችሁ በየቀኑ ስልክ እያያችሁ አትጨነቁም። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ደውላችሁ ለመጠየቅ ምክንያት አላችሁ።

ወጥታችሁ ትራንስፖርት ከመያዛችሁ በፊት የሰማችሁትን ጻፉ። ማታ ላይ ግማሹ ይጠፋል። የመለሱትን ብቻ ሳይሆን የት ላይ እንደተንተባተቡ፣ የት ላይ ፊታቸው እንደበራም ጻፉ። ሁለተኛ ዙር ከተጠራችሁ አንዱን ጥያቄ ለሌላ ሰው ድገሙት። አለቃው «ሰውየው አድጎ ነው» ብሎ ባልደረባው «ለቆ ነው» ካለ፣ የምታስቡበት ነገር አለ። በአንድ የተንገዳገደ መልስ ግን ሥራውን አትተዉት። ጠያቂውም ሰው ነው፤ ደክሞት ወይም አዲስ ሆኖ ይሆናል።

በማግስቱ አጭር የምስጋና መልእክት ላኩ። ከመልሶቻቸው አንዱን ጥቀሱ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ሥራውን አግኝታችሁ ውሉ ሲመጣ ያንን ወረቀት መልሳችሁ አውጡት። በቃል የተነገራችሁን ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። «በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት ትሠራለህ» ተብሎ ውሉ ላይ ከሌለ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እንዲህ ብላችሁ ጻፉላቸው፦ «በቃለ መጠይቁ ላይ የተነጋገርነው ይህ ነጥብ በውሉ ላይ አላየሁትም። ሊካተትልኝ ይችላል?»